«ፉል ኦፕሽን» ሲባል ጋንቾው የት አለ?

ጋራዥ ሄዶ «ጋንቾ ግጠሙልኝ» ያለ ባለመኪና «አይቻልም» ተብሎ ሲመለስ እምብዛም አይታይም። «ጣጣ የለውም፣ ጠዋት አምጣው፣ ማታ ውሰደው» ነው መልሱ። ወፍራም ብረት ይቆረጣል፣ ሻንሲው ላይ ይበየዳል፣ ጫፉ ላይ ኳስ ይታሰርበታል፣ ጥቁር ቀለም ይቀባል። ማታ መኪናው ከጋራዡ ሲወጣ ጋንቾ አለው። መኪናው መጎተት ይችል እንደሆነ ግን የጠየቀ የለም፤ ባለጋራዡም አልጠየቀም፣ ባለመኪናውም አልጠየቀም።

ይህ ጥያቄ አገራችን ውስጥ ለረጅም ጊዜ የከባድ መኪና ሰዎች ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል። ተሳቢ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን የጅቡቲ መስመር ነው። ካራቫን ሲባል ደግሞ የመንገድ ሥራ ድርጅቶች ካምፕ ውስጥ የሚቆመው የቆርቆሮ ቢሮ ይታሰበናል። እንግዳ ጭኖ፣ ከኋላ አልጋና ምድጃ ያለው ቀላል ተሳቢ አስሮ፣ ደን ዳር ማደር የፈረንጅ ቅንጦት ተደርጎ ነው የሚወሰደው። በሌላ ቦታ እውነት ሊሆን ይችላል። ከፋ ላይ ግን ነገሩ ከቅንጦት ይልቅ ወደ አስፈላጊነት ይጠጋል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የከፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ቦንጋ የብሔራዊ ቡና ሙዚየም ከተማ ናት። ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የአዲሱ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የፖለቲካ መቀመጫ ሆናለች። ጎብኚ የሚፈልገው ግን ቦንጋ ከተማን ብቻ አይደለም። የቡና መገኛ ተብላ የምትጠራውን ማንኪራን፣ የባርታ ፏፏቴን፣ የእግዚአብሔር ድልድይ የተባለውን የተፈጥሮ ድልድይ ማየት ይፈልጋል። እነዚህ ቦታዎች ከአስፋልት የራቁ ናቸው፤ አልጋም በየቦታው የለም። በመስከረም ማሽቃሬ ባሮ በቦቃ ሻሻ ሲከበርማ ቦንጋ ራሷ በእንግዳ ትጨናነቃለች። መፍትሔው ደን ውስጥ ሲሚንቶ ማፍሰስ ነው የሚል ካለ፣ የባዮስፌሩ እምብርት ለምን እንደተከለለ ረስቷል ማለት ነው። መጥቶ አድሮ፣ ምሰሶ ሳይተክል፣ ጠዋት የሚሄድ ማረፊያ ለዚህ አካባቢ ከብዙ ሎጅ የተሻለ ሐሳብ ነው። እርግጥ በክረምት ጭቃ መንገዱን እያረሰ የሚገባ ሦስት ቶን ተሳቢ ከሲሚንቶው በምንም አይሻልም፤ የሚወራው ስለ ቀላሉ ነው።

ቱሪዝሙን ብንተወው እንኳ፣ ጄኔሬተር፣ የውሃ ታንከር፣ የችግኝ ጭነት በፒክአፕ የሚጎትት መሥሪያ ቤትና ማኅበር ብርቅ አይደለም። ሁሉም ጋር ጥያቄው አንድ ነው፦ የሚጎትተው መኪና ሲገዛ ለመጎተት ታስቦ ነው የተገዛው?

እዚህ ላይ ነው የመኪና ማስታወቂያችን የሚያስቀው። «ፉል ኦፕሽን» ይላል። ሲዘረዘር የሚመጣው የቆዳ ወንበር፣ የጣሪያ መስኮት፣ ትልቅ ስክሪን፣ የኋላ ካሜራና ቁልፍ ሳይነካ የሚነሳ ሞተር ነው። የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ አለው ወይ? ራዲያተሩ ትልቁ ነው ወይስ ተራው? ለተሳቢ መብራት የተዘጋጀ መስመር ከፋብሪካ ወጥቶለታል? የሚል ማስታወቂያ አይታይም። እነዚህም ኦፕሽን ናቸው። እንዲያውም ከጣሪያው መስኮት ይልቅ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለባቸው ኦፕሽኖች እነዚህ ናቸው።

አንድ አምራች ለመኪናው «የመጎተቻ ጥቅል» ሲያዘጋጅ የሚሸጠው ጋንቾውን ብቻ አይደለም። ጋንቾው ከሁሉም ርካሹ ነው። አብሮት የሚመጣው የሞተሩና የካምቢዮው ሙቀት መከላከያ፣ ጠንካራ የኋላ እግር፣ ከፍ ያለ ጄኔሬተር፣ የተሳቢ መብራትና ፍሬን መስመር፣ እንዲሁም ተሳቢው መወዛወዝ ሲጀምር የእያንዳንዱን ጎማ ፍሬን ለየብቻ እየያዘ የሚያረጋጋ ኮምፒውተር ነው። ከፊሎቹ በኋላ ሊገጠሙ ይችላሉ። ከፊሎቹ ግን መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ካልነበሩ መቼም አይኖሩም፤ ቢኖሩም መኪናውን እንደገና የመግዛት ያህል ያስወጣሉ። ስለዚህ ምርጫው መደረግ ያለበት ከግዢው በፊት ነው።

መንገዱን እናስብ። ከአዲስ አበባ ቦንጋ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወልቂጤ ታልፎ ጊቤ ሸለቆ ይወረዳል፤ ከዚያ እንደገና ወደ ጅማ ይወጣል። ከጅማ በኋላ ደግሞ ጎጀብ አለ፤ ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ እንደገና ወደ ቦንጋ መውጣት። ማለትም ሁለት ትልልቅ ቁልቁለት፣ ሁለት ትልልቅ አቀበት፣ የቀረው ደግሞ ጠመዝማዛ። ዝናቡን እንጨምርበት፤ ከፋ ከአገሪቱ ዝናባማ ቦታዎች አንዱ ነው።

አቀበቱ የሚበላው ሞተርና ካምቢዮ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል የሚለው የቆየ ስሌት አሁንም ይሠራል። በአዲስ አበባ ከፍታ ከሩብ ጥቂት ያነሰ ጉልበቱ የለም። አምራቹ «ይህን ያህል ይጎትታል» ብሎ የጻፈው ለዚህ ከፍታ አይደለም፤ የብዙ አምራቾች መመሪያ ራሱ ከፍታ በጨመረ ቁጥር የሚጎተተው ክብደት ይቀነስ ይላል። ይህን ገጽ የሚያነብ ገዥ የለም፤ መመሪያው ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከነላስቲኩ ኪስ ውስጥ ነው። ቱርቦ ያለው ናፍጣ ከፍታውን በተሻለ ይችለዋል፤ ለከፋ መንገድ ቱርቦ ናፍጣ የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

በአውቶማቲክ ካምቢዮ ላይ ደግሞ ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። ከባድ ነገር እየጎተተ በዝግታ አቀበት የሚወጣ መኪና የካምቢዮ ዘይቱ ይፈላል። ዘይቱ አንዴ ከተቃጠለ በኋላ ጉዳቱ በዚያው ቀን ላይታይ ይችላል፤ ከሦስት ወር በኋላ ማርሽ መንሸራተት ሲጀምር «ይሄ መኪና ድሮም ደካማ ነው» ይባላል። ያ መኪና የጎደለው አንዲት ትንሽ የዘይት ማቀዝቀዣ ነው። በማንዋል ካምቢዮ ሙቀቱ ወደ ፍሪሲዮን ይሄዳል፤ አቀበት መሃል ከቆመ ተሳቢ ጋር መነሳት የሞከረ ሹፌር ሽታውን ያውቀዋል።

ቁልቁለቱ ግን ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው። ሞተር የተቃጠለበት ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ስልክ ይደውላል፤ ፍሬን የጠፋበት ሰው የሚደውልበት ጊዜ የለውም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን ተሳቢ 400 ሜትር ወደ ታች ሲወርድ፣ የሚለቀው ጉልበት ወደ 6 ሚሊዮን ጁል ይጠጋል። ይህ ከ15 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ተሳቢው የራሱ ፍሬን ከሌለው፣ ሹፌሩም በከባድ ማርሽ ካልወረደ፣ ያ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው የመኪናው ፍሬን ሸራ ላይ ነው። የመኪናው የራሱ ክብደት ገና አልተቆጠረም። ፍሬን ሸራው ይግላል፣ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል።

ለዚህ ነው ሌላው ዓለም ጥብቅ መስመር ያሰመረው። በአውሮፓ ደንብ ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው። ቶዮታ ሂሉክስ በብዙ አገር ገበያ እስከ 3,500 ኪሎ ይጎትታል ይባላል፤ ሰው የሚይዘው ይህችን ቁጥር ብቻ ነው። ከጎኗ ያለችው ሁለተኛ ቁጥር አትነበብም፦ ተሳቢው ፍሬን ከሌለው 750 ኪሎ ብቻ። ያው መኪና፣ ያው ሞተር፣ ያው ጋንቾ ነው፤ ልዩነቱ የተሳቢው ፍሬን ነው። እኛ ጋ በየብየዳ ቤቱ ከአሮጌ መኪና እግር የሚሠሩት ትንንሽ ተሳቢዎች ስንቶቹ ፍሬን አላቸው? የሚሠራውን ሰው መጠየቅ በቂ ነው። «ከፊት ያለው መኪና ይይዘዋል» ይላል።

ተሳቢው ፍሬን ሲኖረውም ዓይነቱ መታወቅ አለበት። አንደኛው፣ መኪናው ሲቀንስ ተሳቢው ወደፊት በሚገፋው ግፊት ራሱ የሚይዝ ነው፤ ከመኪናው ምንም አይፈልግም፤ ለእኛ አገር የሚመቸውም እሱ ይመስላል። ሁለተኛው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ እሱ ግን ሹፌሩ አጠገብ መቆጣጠሪያ ይፈልጋል፣ መቆጣጠሪያውም ከመኪናው ፍሬን ጋር የሚነጋገርበት መስመር ይፈልጋል። የአሜሪካ ገበያ ፒክአፖች ላይ ይህ ከፋብሪካ ይመጣል። መስመሩ ያልተዘጋጀለት መኪና ገዝቶ የኤሌክትሪክ ፍሬን ያለው ካራቫን ያመጣ ሰው ፍሬን የሌለው ካራቫን ነው ያመጣው።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር አለች፤ ብዙ ሰው ሲሰማት ይስቃል። የአውሮፓ ተሳቢ ኳስ 50 ሚሊ ሜትር ነው። የአሜሪካው በብዛት 2 ኢንች ነው፤ 2 ኢንች ማለት 50.8 ሚሊ ሜትር። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። በዓይን አይታይም። የአውሮፓ ማሰሪያ የአሜሪካ ኳስ ላይ በትክክል አይቀመጥም፤ የተቆለፈ ይመስላል፣ አልተቆለፈም። የአሜሪካ ማሰሪያ የአውሮፓ ኳስ ላይ ደግሞ ይላላል፤ ጉድጓድ ሲያጋጥም ሊዘል ይችላል። መኪናችን ከዱባይም፣ ከአሜሪካም፣ ከአውሮፓም፣ ከቻይናም የሚመጣ አገር ውስጥ፣ ኳሱን ደግሞ ቶርኒዮ ቤት የሚያስቀርጽ ሕዝብ ባለበት፣ ይህ ተራ ዝርዝር አይደለም። ኳሱ ላይ ብዙ ጊዜ ልኩ ተጽፏል። የተቀረጸ ቁጥር የሌለው ኳስ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ኳስ ነው። ከኳሱ ጎን ሁለት የመጠባበቂያ ሰንሰለት ማሰሪያ ቀለበቶችም መኖር አለባቸው፤ ኳሱ ቢለቅ ተሳቢው ብቻውን መንገድ ላይ እንዳይሄድ የሚይዙት እነሱ ናቸው። በብየዳ በተሠሩ ጋንቾዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሱት እነዚሁ ናቸው።

ክብደቱ ላይ ደግሞ የሁላችንም ጥፋት አለበት። ጭነት ለእኛ የሚለካው በቦታ ነው፤ ቦታ ካለ ይጫናል። መኪና ግን የሚያውቀው ኪሎ ነው።

እንበል አንድ አስጎብኚ የመሸከም አቅሙ 650 ኪሎ የሆነ ጂፕ አለው። አምስት ሰው ይጭናል፦ በአማካይ 75 ኪሎ ቢሆኑ 375። ሻንጣቸው 100። የጣሪያ ፖርታ ባጋጅና ትርፍ ጎማ 80። እስካሁን 555 ደርሷል፤ መኪናው ገና 95 ኪሎ ይችላል። አሁን 1,500 ኪሎ ካራቫን ይታሰር። ተሳቢ ተረጋግቶ እንዲሄድ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶው ጋንቾው ላይ ማረፍ አለበት የሚለው የአሜሪካኖች መመሪያ ነው፤ አውሮፓውያን ከዚህ ያነሰ ይጠቀማሉ። ትንሹን 10 በመቶ ብንወስድ 150 ኪሎ ነው። መኪናው ከአቅሙ 55 ኪሎ አለፈ። የመጎተት አቅሙ 3,000 ኪሎ ሆኖ፣ የሚጎትተው የዚያን ግማሽ ሆኖ፣ ግን ከአቅም በላይ ተጭኗል። የኋላ ባሌስትራው ይወርዳል፣ አፍንጫው ይነሳል፣ የፊት ጎማ መሬት መያዝ ይቀንሳል፣ መሪው ይቀላል፣ ማታ መብራቱ ዛፍ ላይ ያበራል። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ቀላል መሪ ጥሩ ዜና አይደለም።

«እንግዲያው ጋንቾው ላይ የሚያርፈውን እንቀንሰው፣ ዕቃውን ወደ ካራቫኑ ኋላ እንግፋው» የሚል ብልህ አይጠፋም። ይህ ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ኋላው የከበደ ተሳቢ እንደ ውሻ ጭራ ይወዛወዛል። ቁልቁለት ላይ ፍጥነት ሲጨምር ውዝዋዜው መኪናውን ራሱን ይዞ ይሄዳል። ለዚህ ነው የመወዛወዝ መከላከያው ኦፕሽን ገንዘብ የሚያወጣው፤ ግን እሱም የተሳሳተ አጫጫንን አያቃናም።

መኪናው መጎተት ይፈቀድለት እንደሆነ ማወቂያው መንገድ ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው። በአውሮፓ ደንብ በተሠሩ መኪኖች ላይ የአምራቹ ሰሌዳ የበር ፍሬም ወይም ኮፈኑ ሥር ይገኛል። በተርታ አራት ቁጥሮች አሉት። የመጀመሪያው የመኪናው ከፍተኛ ክብደት ነው። ሁለተኛው የመኪናውና የተሳቢው ድምር ክብደት ነው። ሁለተኛው ላይ ምንም ካልተጻፈ ወይም ከመጀመሪያው ጋር እኩል ከሆነ፣ አምራቹ «ይህ መኪና ምንም እንዲጎትት አልፈቀድኩም» ማለቱ ነው። የአሥር ሰከንድ ሥራ ነው። ደላላው ስለ ስክሪኑ ሲያወራ በሩን ከፍቶ ማንበብ ይቻላል።

አሁን ደግሞ ኤሌክትሪኩ መጣ። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን በትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በኩል ይፋ አድርጓል። ከዚያ በፊት የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አሮጌ መኪናን እስከ 500 በመቶ በሚደርስ ታክስ መትቶታል። የሁለቱ ድምር ውጤት ግልጽ ነው፤ የነገው የአገራችን ትንሽ መኪና ኤሌክትሪክ ነው። የውሃ ኃይል ላለው አገር ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ቁልቁለት ላይም ኤሌክትሪክ መኪና ጥሩ ጎን አለው፤ ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ፍሬን ሆኖ ባትሪ ይሞላል። ጎጀብን ለሚወርድ ይህ ትልቅ ነገር ነው። (ባትሪው ሙሉ ሆኖ ከተነሳ ግን የሚሞላው ቦታ ስለሌለው ይህ እርዳታ ይቀንሳል፤ ተራራ አናት ላይ ሙሉ ቻርጅ አድርጎ ወዲያው መውረድ አይመከርም።)

ችግሩ ሌላ ነው። አንደኛ፣ ካራቫን የሚጎትት ኤሌክትሪክ መኪና በአንድ ቻርጅ የሚሄደው ርቀት ብዙ ጊዜ ወደ ግማሽ ይወርዳል። 400 ኪሎ ሜትር የሚሄደው 200 ሆነ ማለት ነው፤ ቻርጅ ማድረጊያው ደግሞ በአብዛኛው ያለው አዲስ አበባ ነው። ሁለተኛ፣ ያው ስም ያለው መኪና በተለያየ ገበያ የተለያየ መኪና ነው። ቮልስዋገን አይዲ 4 በአሜሪካ ገበያ 2,700 ፓውንድ፣ ማለትም 1,225 ኪሎ ያህል ፍሬን ያለው ተሳቢ እንዲጎትት ተፈቅዶለታል። አዲስ አበባ ጎዳና ላይ የሚታየው ግን በብዛት ለቻይና ገበያ የተሠራው ነው። አይዲ 6 ደግሞ ጭራሽ ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ ነው። የአሜሪካውን ቁጥር ኢንተርኔት ላይ አንብቦ ለቻይናው መኪና ጋንቾ ማስበየድ የሰውን የሐኪም ማዘዣ ወስዶ መድኃኒት እንደመግዛት ነው። ያውም ወለሉ ሥር በሙሉ ባትሪ የተነጠፈበት መኪና ላይ ብየዳ! ይህን የሚደፍር ጋራዥ መኖሩ አይቀርም፤ ባለመኪናው ነው መፍራት ያለበት።

ተቃውሞው ይታወቃል። «የእኛ መካኒክ የማይሠራው የለም» ይባላል። እውነት ነው፤ የኢትዮጵያ መካኒክ መለዋወጫ በጠፋበት ዘመን ሁሉ መኪና አቁሞ አያውቅም፤ ክብር ይገባዋል። ነገር ግን ብልሃትና ልኬት የተለያዩ ናቸው። ብየዳው ሻንሲውን በሙቀት አዳክሞት እንደሆነ፣ ብረቱ ስንት ኪሎ ሲጎተት እንደሚሰነጠቅ፣ ጋራዡ የሚለካበት መሣሪያ የለውም። በዚህ ሰውየው አይወቀስም። የሚወቀሰው ልኬት ሳይጠይቅ ሥራ የሚያዘው ነው። ጋራዥ ውስጥ የግድ መሠራት ካለበትም መንገድ አለው፦ አምራቹ ባዘጋጀው የብሎን ቀዳዳ ላይ፣ ለዚያው ሞዴል የተሠራ፣ የክብደት ልኩ የተጻፈበት ጋንቾ አስመጥቶ በብሎን ማሰር። ብየዳ አይደለም። የመብራት መስመሩም ከስቶፕና ከፍሬቻ ሽቦ ላይ ተቆርጦ የሚቀጠል ሳይሆን በራሱ መቆጣጠሪያ በኩል የሚወጣ ቢሆን ነው የሚሻለው። የዛሬ መኪና ሽቦው ሁሉ ከኮምፒውተር ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ በአንድ የተቀጠለ የፍሬቻ ሽቦ ምክንያት ዳሽቦርዱ ሙሉ የገና ዛፍ ሊመስል ይችላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ዋጋ ነው። ይህ የሚናቅ አይደለም። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ ዕቃ ማዘዝ ምን ያህል እንደከበደ የማያውቅ የለም። በዚህ ላይ «ፋብሪካ የገጠመው ይሁን» ማለት ለአንድ ወጣት አስጎብኚ በቀላሉ የሚዋጥ አይደለም። ነገር ግን ሒሳቡ ሲሠራ ሁሉም ነገር ይቆጠር። ለመጎተት የተዘጋጀ አነስተኛ ፒክአፕ፣ ያለ ጣሪያ መስኮት፣ ያለ ቆዳ ወንበር፣ ካልተዘጋጀ ባለ«ፉል ኦፕሽን» ጂፕ ያንስ እንደሆነ ይታይ። ብዙ ጊዜ ያንሳል። ገንዘቡ እያለ ነው ወደ ስክሪኑ የሚሄደው። ከዚያም የተሻለ ርካሽ መንገድ አለ፦ ካራቫኑን ማሳነስ። 750 ኪሎ የማይሞላ፣ ድንኳን የሚዘረጋ፣ ዝቅ ያለ ትንሽ ተሳቢ ለከፋ መንገድም ለከፋ ደንም ይበቃል። ትልቁን መኪና የሚጠይቀው ትልቁ ካራቫን ነው።

መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጋ ግን ዋጋ ሰበብ አይሆንም፤ እነሱ ጨረታ አውጥተው፣ ዝርዝር መስፈርት ጽፈው ነው የሚገዙት። የመስፈርቱ ሰነድ ላይ የሞተር ጉልበት፣ የወንበር ብዛት፣ ቀለም ሳይቀር ይጻፋል። ጄኔሬተር ወይም የውሃ ታንከር እንደሚጎትት የሚታወቅ መኪና ሲገዛ ሁለት መስመር ቢጨመር ምን ይከብዳል? «ለዚህ ገበያ በአምራቹ የተረጋገጠ የመጎተት አቅም፣ ፍሬን ላለውና ለሌለው ተሳቢ ተለይቶ ይገለጽ። ጋንቾው፣ የመብራት መስመሩና የካምቢዮ ማቀዝቀዣው ከፋብሪካ የተገጠመ ይሁን።» ይኸው ነው። አቅራቢ ሁሉ ይህን ካነበበ በኋላ የሚያመጣው መኪና ይለወጣል፤ ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ያ መኪና በጨረታ ሲሸጥ ደግሞ ግለሰቡ ጋ የሚደርሰው ትክክለኛ መኪና ይሆናል።

ዓመታዊ ምርመራውም እንዲሁ። ቦሎ ለመለጠፍ መኪናው ሲመረመር ፍሬኑ ይለካል፣ መብራቱ ይታያል፣ ጭሱ ይታያል። ጋንቾ ያለው መኪና ሲመጣ «ይህ ከየት መጣ? ሰሌዳው ላይ ስንት ይላል?» ብሎ መጠየቅ አዲስ ማሽን አይፈልግም። የመድን ድርጅቶችም ሊጠይቁ ይገባል። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ግዴታ ነው፤ ከዚያ በላይ ሙሉ መድን የገባ ሰው ግን የመኪናው አሠራር ሲለወጥ ማሳወቅ እንዳለበት ውሉን ይይ። አደጋ ከደረሰ በኋላ ስለተበየደ ብረት መከራከር የሚያምር ነገር አይደለም።

ለከፋ አስጎብኚዎች ደግሞ አንድ ልዩ ነገር አለ። የመጀመሪያው ካራቫን ጎጀብ ቁልቁለት ላይ ቢገለበጥ፣ ዜናው የሚወጣው «ጋንቾው ተበይዶ ነበር» ተብሎ አይደለም። «ቱሪስት የጫነ መኪና ቦንጋ መንገድ ላይ ተገለበጠ» ተብሎ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው እንግዳ መንገዱን ነው የሚፈራው፤ ማንኪራን ነው የሚሰርዘው።

ስለዚህ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ገዥው ሻጩን አራት ነገር ይጠይቀው። መኪናው ለየትኛው አገር ገበያ ነው የተሠራው? ሰሌዳው ላይ ሁለተኛው ቁጥር ስንት ነው? ፍሬን ለሌለው ተሳቢስ ስንት ይፈቀዳል? የካምቢዮ ማቀዝቀዣው የት ነው፣ በጣት ያሳየኝ? ሻጩ አራቱንም ከመለሰ መልሱ በጽሑፍ ይሰጥ። «ወንድሜ፣ ይሄ መኪና እኮ ተራራ ይጎትታል!» ብሎ ከሳቀ፣ በሩን ዘግቶ ወደሚቀጥለው መኪና መሄድ ነው።